ሎሚ ሲሰክር

ሄልሲንኪ፣ ፊንላንድ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእታለም፤
ጭድ ተራ፣ መርካቶ።

  ጋሽዬ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ከጠላ ቤትሽ አግዳሚ የማይነሡት ደንበኞችሽም፣ ስማቸውን ሳልጠራ በያሉበት ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ባለፈው በስልክ "እዚያ አገር ሰው በዓል ሲሆን ምን ይጠጣል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ሎሚ" ስልሽ ስልኩን ዘጋሽው። መቼም ኔትወርክ ነው አትዪኝም፤ ከመዝጋትሽ በፊት "ይኼ ልጅ ተርቧል መሰለኝ" ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ ብዬ፣ ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው ሳገኝ ይህን ጻፍኩ። በስልክ የሚሆን አይደለም። አንቺ ድምፁን ከፍ አድርገሽ አግዳሚው ላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ ከዚያ ግማሹ ደንበኛ ይመክረኛል፣ ግማሹ ጫማ ላክልኝ ይለኛል፣ ጥያቄሽም ሳይመለስ ካርዱ ያልቃል።

እናንተ ሚያዝያ 23 ቅዱስ ጊዮርጊስን ስታነግሡ፣ እዚህ ደግሞ ቫፑ የሚባል በዓል አለ። የሠራተኞችም የተማሪዎችም በዓል ነው፤ ቀኑ ከሜይ ዴይ ጋር አንድ ነው። በዓሉ ምን እንደሚያደርጋቸው እንዲገባሽ ግን መጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንደሚኖሩ ልንገርሽ። አውቶቡስ ነጂ ነኝና ዝምታቸውን የማውቀው ከመሪው ጀርባ ሆኜ ነው። ሙሉ ሰው ጭኜ ከተማውን ሳቋርጥ የሚያወራው ሞተሩ ብቻ ነው። ረዳት የለ፣ ጥሪ የለ፣ "ወራጅ አለ!" ብሎ የሚጮኽ የለ፤ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ይወርዳሉ። አውቶቡስ ተራ ሲጮኽ ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ቅጣት ነው። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን "ሰባተኛ! ሰባተኛ! የሞላ!" እያልኩ ለራሴ እጠራለሁ።

በቫፑ ዋዜማ ግን አገሩ ይገለበጣል። ወደቡ አጠገብ ሀቪስ አማንዳ የሚሏት የነሐስ ሴት ሐውልት አለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተማሪዎች በክሬን ይወጡና ገላዋን አጥበው ነጭ ቆብ ይደፉላታል። ከቆቡ በቀር የለበሰችው ነገር የለም። ጋሽዬ ይህን ሲሰሙ "ነጠላ ቢጤ ጣል ያድርጉላት እንጂ" እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ሐሳቡን አቅርቤላቸዋለሁ፣ የሰማኝ የለም። ተማሪ የተባለ ሁሉ የጋራዥ ሠራተኛ የሚለብሰውን ዓይነት ቱታ ለብሶ፣ ቱታው ላይ ጨርቅ ለጣጥፎ ይዞራል። በማግሥቱ ካይቮፑይስቶ ከሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ብርድ ልብስ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ብርድ ልብሱ ለመቀመጫ ነው፤ ለብርዱማ ደንታም የላቸው። ዓመቱን ሙሉ ሰላም ያላለኝ ሰው በዚያ ቀን አቅፎኝ ስለ እናቱ አጫወተኝ። በማግሥቱ አውቶቡሴ ውስጥ ሲገባ ግን እንደማያውቀኝ ሆኖ መስኮት መስኮቱን አየ።

የሚጠጡትም ሲማ የሚባል የሎሚ መጠጥ ነው፤ ስልኩን የዘጋሽበት። አሠራሩ ይኸውልሽ። አምስት ሊትር ውኃ ያፈሉና ግማሽ ኪሎ ያህል ስኳር ያሟሙበታል፤ ከነጩም ከቡናማውም እያደረጉ። ሁለት ሎሚ ልጣጩን ልጠው ይጨምራሉ። ለብ ሲል በጣት ቆንጠር የሚደረግ የዳቦ እርሾ ጣል ያደርጉበታል። አንድ ቀን አሳድረው ጠርሙስ ውስጥ ይገለብጡትና በየጠርሙሱ ጥቂት ዘቢብ ይጨምራሉ። ዘቢቡ መጀመሪያ ይሰጥማል። እርሾው ስኳሩን እየበላ ጋዝ ሲያወጣ አረፋው ዘቢቡ ላይ ይጣበቅና ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ዘቢቡ ተንሳፈፈ ማለት መጠጡ ደረሰ ማለት ነው። አንቺ ጆሮሽን ጋኑ ላይ ለጥፈሽ "ገና ነው፣ እያጉረመረመ ነው" የምትዪውን እነሱ በዘቢብ ነው የሚሰሙት። አልኮሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ይጠጣዋል።

ታሪኩን ስሰማ ግን ሣቄ መጣ። ሲማ ጥንት ከማር ይጣል የነበረ መጠጥ ነው። ማር የሀብታም ነው፣ ስኳር እየረከሰ ሲመጣ ማሩ ወጣ፣ ስኳሩ ገባ። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ጠጅ ነው ተብሎ የሚቀዳልንን አስቢው። ማሩ ሲወደድ ስኳር ይጨመርበታል፣ ቢጫው እንዳይጠፋ ቀለም ይደረግበታል፣ ሰውየው በማግሥቱ ራሱን ይዞ "ትናንት የጠጣሁት ማር ነው ስኳር?" እያለ ይጠይቃል። ከዚያ እስከዚህ ስንት አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ያገኘሁት ያው የማር ውድነት ነው።

እስካሁን የነገርኩሽ የልጆቹ ነው። የአዋቂዎቹ ሌላ ነው።

ከኔ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖር አንድ ሰውዬ አለ፤ እሱም እንደኔ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ዕድሜው ከጋሽዬ ብዙም አያንስ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘኝና ግራ ቀኙን አይቶ በሹክሹክታ "ና አንድ ነገር ላሳይህ" አለኝ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት ከ"ደህና ዋል" ሌላ ቃል አውጥቶ አያውቅምና ሰው የሞተበት መስሎኝ ደንግጬ ተከተልኩት። ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደኝ። ከገላ መታጠቢያው ሥር ክዳኑ የተገጠመ ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ ውኃ የያዘች ጠማማ ቱቦ ተሰክታለች፤ ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽ በሷ በኩል ብልቅ፣ ብልቅ እያለ ይወጣል፤ ከውጭ ግን አየርም ዝንብም አይገባም። አንቺም ጭቃውን በጭድ ለውሰሽ የጋኑን አፍ እንደምትመርጊ ነገርኩት። "ጭዱ ለምንድነው?" አለኝ። የጭድ ተራ ልጅ ነኝና አንገቴን ቀና አድርጌ "ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ" ብዬ አስረዳሁት። ደብተር አውጥቶ ጻፈው።

ደብተሩን ብታዪው! የስኳሩ ግራም፣ የውኃው ሙቀት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ተመዝግቧል። ለ10 ሊትር ውኃ 2 ኪሎ ተኩል ስኳር። በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ አንድ በመቶ አልኮል ይወጣዋል አለኝ፤ ስለዚህ የሱ ባልዲ ፈልቶ ሲያልቅ ወደ 13 በመቶ ይደርሳል። ልብ በይ፣ የኛ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6፣ ጠጅ ደግሞ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው የሚባለው። ይህ ሰውዬ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ከሳሙናው አጠገብ፣ ከጠጅ የበረታ ነገር አስቀምጧል። የዳቦ እርሾ እዚያ ድረስ ሲወጣ ይደክመዋልና ለወይን ጠጅ የተዘጋጀ እርሾ በፓኬት ገዝቶ ነው የሚጠቀመው።

ሎሚውም ጥበብ አለው። እዚህ ያለው ሎሚ እንደኛው ትንሽና ቅጠልያ አይደለም፤ ከስፔን የሚመጣ፣ ትልቅ፣ ቢጫ፣ ሰም የተቀባ ነው። ሰውየው በሙቅ ውኃና በብሩሽ አንድ በአንድ ሲያሸው አየሁት። አንቺ ጋኑን በግራዋ አጥበሽ በወይራ ታጥኛለሽ፤ እሱ የሚያጥበው ሎሚውን ነው። ጭማቂውን መጀመሪያ አይጨምረውም፤ ኮምጣጣው ከበዛ እርሾው ይሽመደመዳል። መጀመሪያ ልጣጩ ብቻ ይገባል፤ ጭማቂው መፍላቱ ጋብ ሲል ነው የሚከተለው። ታሽጎ የሚሸጠውን የሎሚ ጭማቂ ደግሞ እንዳትነካ አለኝ፤ እንዳይበላሽ የተጨመረበት መድኃኒት እርሾውንም አይምርም። የሎሚውን ክምር ሳይ ትዝ አለኝና "ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረታችንን ተርጉሜ ነገርኩት። ቆም ብሎ አሰበና "ኀምሳው ስንት ኪሎ ይመዝናል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ለምን ሎሚ? ትዪኝ ይሆናል። አንደኛ ለጣዕም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሕግ ነበር፤ እዚህ ላይ ደንበኞችሽን ዝም አሰኚያቸው። ስኳር፣ ውኃና እርሾ ብቻ ተደርጎ የሚፈላው መጠጥ ኪልዩ ይባላል። በዚህ አገር ቤት ውስጥ ከፍራፍሬ ወይን መጣል፣ ከብቅል ቢራ መጥመቅ ይፈቀድ ነበር፤ ስኳር ብቻውን ማፍላት ግን እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም.፣ በነሱ አቆጣጠር እስከ 2018 ድረስ፣ የተከለከለ ነበር። ታዲያ ጎረምሳው ምን ያደርግ ነበር? ባልዲው ውስጥ አንድ ብርቱካን ወይም አንድ ሎሚ ጣል ያደርግበታል። ፖሊስ ቢመጣ "ጌታዬ፣ ይህ የፍራፍሬ ወይን ነው" ብሎ ሎሚውን በማንኪያ ያሳያል። ያ ሎሚ እንግዲህ ጠበቃ ሆኖ ባልዲ ውስጥ የሚዋኝ ሎሚ ነበር። በኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ለኮረዳ ይወረወራል፤ እዚህ ክስ ይመከትበት ነበር።

ሕጋቸው ከመጠጥ ጋር ያለው ጠብ የቆየ ነው። በነሱ አቆጣጠር ከ1919 እስከ 1932 አልኮል ፈጽሞ ተከልክሎ ነበር። በዚያ ዘመን ከኤስቶንያ በጀልባ የሚገባው አልኮል ባሕሩን አጥለቀለቀው፤ ሐኪሙም "ለሳል" እያለ በመድኃኒት ማዘዣ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ክልከላው ሲነሣ፣ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ወደ መርካቶ ከማዛወሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው፣ አልኮ የሚባል የመንግሥት የመጠጥ መደብር ተከፈተ። እስከ ዛሬም ጠንካራ መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጥ መደብር እሱ ብቻ ነው። በነሱ 1940ዎቹ ደግሞ የመጠጥ ካርድ አወጡ፤ ስንት እንደገዛሽ እዚያ ላይ ይጻፋል፣ ካበዛሽ ተጠርተሽ ትመከሪያለሽ። በደርግ ጊዜ ለስኳር የቀበሌ ካርድ ይዘሽ እንደተሰለፍሽው ማለት ነው። አንቺ በጊዜሽ ስኳር ፍለጋ፣ እነሱ በጊዜያቸው አረቄ ፍለጋ ሰልፍ ላይ ነበራችሁ።

አሁን ቀለል ብሏል። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመፍላት የተሠራ እስከ 8 በመቶ ያለው መጠጥ በሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ ቀድሞ 5 ነጥብ 5 ነበር። ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት አንዲት ጠርሙስ አይሸጥልሽም። ቢራው መደርደሪያው ላይ እያየሽው፣ ገንዘቡ በእጅሽ እያለ፣ ደቂቃዋ ካለፈች አለፈች ነው። ለምኝ፣ አልቅሺ፣ "እንግዳ መጥቶብኝ ነው" በይ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሰዓቱን ታሳይሻለች። ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት ወንጀል ነው። ጠምቆ መሸጥም ያለ ፈቃድ አይሞከርም። አንቺ እዚህ አገር ብትመጪ ሳምንት ሳይሞላሽ ትታሰሪያለሽ፤ ፖሊሶቹም በዱቤ ጠጥተውብሽ ነበርና ምስክር ሆነው ይመጡብሻል።

የጎረቤትህን መጠጥ ቀመስከው ወይ? ትዪኝ ይሆናል። ቀምሻለሁ፤ ግን በማግሥቱ ሥራ የሌለኝ ቀን መርጬ ነው። የምነዳው አውቶቡስ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ትንፋሼን ያሸታል። እውነቴን ነው። ቱቦ አለው፤ ጠዋት ጠዋት "ፉ" እለዋለሁ፤ አልኮል ከሸተተው ንቅንቅ አይልም። ይህ መሣሪያ አውቶቡስ ተራ ቢገጠም ክፍለ ሀገር የሚደርስ ሰው ይኖር ነበር ብዬ አልምልም። መጠጡ ደመና የመሰለ፣ ነጣ ያለ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ሎሚ ነው። ሁለተኛው ላይ ስኳሩ የት ገባ ትያለሽ፤ እርሾው ጨርሶ በልቶታልና ጣፋጭነት የሚባል አልቀረበትም። ሦስተኛው ላይ ጆሮሽ ይግላል። ከሥሩ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው። ሰውየው አልተከራከረኝም፤ ስኳር ብቻውን ለእርሾ ምግብ አይሆነውም፣ ሲርበው ያንን ሽታ ያወጣል አለኝ። አንቺ ብቅሉን፣ አሻሮውን፣ እንኩሮውን የምትጨምሪው እርሾው ጠግቦ እንዲሠራ መሆኑን፣ ጌሾውም ምሬቱን ሰጥቶ ከመበላሸት እንደሚጠብቀው የገባኝ እዚያ ባልዲ አጠገብ ቆሜ ነው። የተራበ እርሾ የጠመቀውን ሰው ሲጠጣው ይጣላል።

ጎረቤቴ ግን ቸኮለ። መፍላቱን ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠና ከወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን አስገባው። እርሾው በጠርሙሱ ውስጥም ሥራውን ቀጠለ፤ ጋዙ መውጫ አጣ። አንድ ሌሊት ቧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። አልጋ ሥር ነው የገባሁት፤ ያደግነው በየትኛው ዘመን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጥቂት ቆይቶ ቧ! ሁለተኛው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል፤ የሱ ጠርሙስ ነቅቶ የቀረ አይደለም፣ ጣሪያ ላይ ተሰክቷል። እኛ ሰፈር ቢሆን ግማሹ ሰው በነጠላው፣ ግማሹ ያለ ነጠላው ይደርስ ነበር። እዚህ ማንም በሩን አልከፈተም። በማግሥቱ ጠዋት ደረጃው ላይ በሚያምር እጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ፦ "የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የጸጥታ ሰዓት መሆኑን እናስታውሳለን። እባካችሁ ከዚያ በኋላ አትፈንዱ።"

እታለም፣ አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ፤ ደብዳቤውንም የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ጠርሙሱ ከፈነዳ በኋላ ጎረቤቴን ጣሪያ ሲያጥብ አገዝኩት። መሰላሉ ላይ ቆሞ ስለ አያቱ አጫወተኝ። ገጠር ነበሩ። ሳህቲ የሚባል የገብስ ብቅል መጠጥ ይጠምቁ ነበር፤ አጃ መሰል እህል ይጨምሩበታል፣ በዳቦ እርሾ ያፈሉታል፣ የሚያጠሉትም በእንጨት ገንዳ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ አንጥፈው ነው። ጥድ! ሽታው አፍንጫዬ ላይ መጣ። ድፍርስ፣ ቡናማ፣ በቶሎ ካልተጠጣ የሚበላሽ፤ ሲነግረኝ ጉሽ ጠላ ነው የታየኝ። ይህ መጠጥ ዛሬም በአንዳንድ የገጠር አውራጃዎች አለ፤ በነሱ 2002 የአውሮፓ ኅብረት በባህላዊ ምርትነት መዝግቦታል። "ታዲያ አንተ እሱን ትተህ ስኳርና ሎሚ ምን አስጀመረህ?" አልኩት። "አያቴን እንዴት እንደምትሠራ ስጠይቃት 'እንዳየሁት ነው' ትለኝ ነበር። እኔ ወደ ከተማ መጣሁ፣ እሷ ሞተች። የስኳሩ ግን አሠራሩ የእርሾው ፓኬት ላይ ተጽፏል" አለኝ።

ይህ ነገር ከራሴ አልወጣ አለ። የስኳር ባልዲ ማለት የሴት አያቶች ሙያ ሲቋረጥ የሚቀር መጠጥ ነው። ጎረምሳ ብቻውን፣ መታጠቢያ ቤት ተደብቆ፣ ቶሎ ለመስከር የሚያፈላው። ያንቺ ጠላ ሰው ለመጣል የተጠመቀ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሰው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ የሚያጫውት፣ ዕድር የሚያስመክር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ነው። በራፍሽ ላይ እንጨት ተክለሽ ጣሳ የደፋሽበት፣ ማንም አላፊ አግዳሚ ጠላ እንዳለ እንዲያውቅ ነው፤ መደበቅ የለም። በዚያ ጣሳ ሥር ስንት ልጅ ተምሮ ወጣ። የኔ መንጃ ፈቃድ የወጣው ከቅራሪ ገንዘብ እንደሆነ ፊንላንዶቹ ቢያውቁ ከትንፋሽ መለኪያው ሌላ ምን መሣሪያ እንደሚገጥሙብኝ እንጃ።

አሁን መርካቶም ላይ እርሾው በፓኬት፣ ስኳሩ በኩንታል አለ። የሠፈራችን ጎረምሶችም አሠራሩን ስልካቸው ላይ አይተው ባልዲ ለመግዛት ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም። ስለዚህ እባክሽን፣ ጥንስስ ስትጥዪ ልጆቹን አስጠጊያቸው። ሴቶቹን ብቻ አይደለም፣ ወንዶቹንም። "ከወጥ ቤት ውጣ" ያልሽኝን እኔ አልረሳሁም፤ በበሩ ቀዳዳ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው የማውቀው።

አሁን ወደ ጉዳይ። ዘንድሮ ሰኔ ሚካኤል ባለፈ በማግሥቱ የዚህ አገር ሰዎች የበጋውን አጋማሽ ያከብራሉ። ጎረቤቴና እኔ በዚያን ቀን ጠላ ልንጠምቅ ተስማምተናል። ጾም ነው ካልሽኝ ጠላ ጾም አይገድልም። ብቅሉ እዚህ ሞልቷል፤ ጋን የለም፣ በባልዲው እናደርገዋለን፤ ለማጠኛ ጥድ አናጣም። የጎደለው ጌሾ ነው። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልሽ ሰው ሲመለስ ሁለት ኪሎ ጌሾ ላኪልኝ፤ ቅጠሉንም እንጨቱንም፣ ደህና አድርገሽ ጠቅልለሽ። የአውሮፕላን ማረፊያው ውሻ ጌሾ አያውቅምና ከላይ "የመጠጥ ቅጠል" ብለሽ ጻፊበት። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንቺ ደንበኛ አልነሣ ሲልሽ "መሽቷል፣ ግቡ" ትያለሽ። በዚያ ሰሞን እዚህ አይመሽም። ፀሐይዋ ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ትጠልቅና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተመልሳ ትወጣለች፤ በመካከሉም ሰማዩ አይጨልምም። እንግዳ በምን ይባረራል? ይህንንም ካወቅሽ ጻፊልኝ።

ጎረቤቴ ጥያቄ አለኝ ብሎ በደብተሩ ላይ ጽፎ ሰጥቶኛል፤ እንዳለ ተርጉሜልሻለሁ።

አንደኛ፦ ጌሾው ለአንድ ሊትር ውኃ ስንት ግራም ነው?
ሁለተኛ፦ ጥንስሱ በስንት ዲግሪ ሙቀት ይቀመጣል?
ሦስተኛ፦ ድፍድፉ ስንት ሰዓት ይቆያል?
አራተኛ፦ መድረሱ በየትኛው መሣሪያ ይታወቃል?
አምስተኛ፦ አክስትህ በአንድ ቀን ስንት ሰው ታስተናግዳለች፣ ስንቱስ ዱቤውን ይከፍላል?

አምስተኛውን ለምን እንደጠየቀ እኔም አላውቅም፤ ደንበኞችሽ ፊት አትመልሺው። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ግን "እንዳየሁት ነው" ብለሽ እንዳትልኪልኝ። ይህን መልስ አያቱ ነግረውታል፣ ምን እንዳስከተለም ጣሪያው ላይ አይተናል። ልጆቹ አንድ ቀን ሚዛን ይዘው አጠገብሽ ይቁሙና፣ እፍኝሽን ከመጣልሽ በፊት ይመዝኑት፣ ይጻፉት። አትቆጪ። ለራስሽ እፍኝሽ ይበቃሻል፤ ሰውየው ግን ቁጥር ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እሱ ካልተኛ ደግሞ ግድግዳችን አንድ ነው፣ እኔም አልተኛም፤ ጠዋት አውቶቡሱን የሚነዳው ማን ነው?

ጋሽዬን ጉልበታቸውን ስሚልኝ። የላክሁትን ገንዘብ ተቀብለሽ ለጌሾው ከፍለሽ የተረፈውን ለራስሽ አድርጊው፤ ለዱቤ ማካካሻ እንዳታውዪው።

ናፋቂሽና አክባሪሽ፣
የወንድምሽ ልጅ፣ ከሄልሲንኪ።